መጽሐፉን ዝጉትና ንገሩኝ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች፣ ወላጆች፣ ባልደረቦቼ። ከኋላ ይሰማል? ጥሩ፣ እጃችሁን አውርዱ፣ አይቻለሁ።

ፕሮግራሙ ላይ ከስሜ ጎን «የፈተና ሰሞን አጠናን፣ 15 ደቂቃ» ነው የሚለው። ዳይሬክተራችን ትናንት ጠርተውኝ ልጆቹ ሊፈተኑ ሦስት ሳምንት ነው የቀራቸው፣ ሞራል የሚሆን ነገር በልልን አሉኝ፣ እኔም ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ፣ ይኸው ይዤዋለሁ። ግን አሁን ስገባ በሩ ጋ ሁለት ልጆች ቆመዋል፣ አንዷ ለጓደኛዋ «ባክሽ ታሪክን ተዪው፣ ሽምደዳ ነው፣ የመጨረሻዋ ሌሊት ትበቃዋለች፣ አሁን ማትሱን ጨርሺ» ስትላት ሰማሁ። ማን እንደሆነች አልናገርም። እየሳቀች ስለሆነ ግን ሁላችሁም አወቃችኋት።

ይቺን ነገር ሃያ ምናምን ዓመት ስሰማት ነው የኖርኩት። ወላጅ ይላታል። ስታፍ ስንገባ የፊዚክስ መምህሩ ጠመኔውን ከእጁ እያራገፈ «ያንተማ ምን አለው፣ ማንበብ ነው» ይለኛል። ሁሌ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። ዛሬ ማይኩን ስለሰጣችሁኝ አላልፍም።

ከራሴ ልጀምር። እኔ የለየልኝ ሸምዳጅ ነበርኩ። 12ኛ ክፍል እያለሁ የታሪክ ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤው ነበር፣ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ዓይኔን ጨፍኜ ስወርደው እናቴ ለመጣ ሰው ሁሉ «ዝም በሉት፣ ካቋረጣችሁት ከመጀመሪያው ነው የሚነሳው» ትል ነበር፣ እውነቷን ነው፣ መሃል ላይ ካቋረጡኝ የት እንደደረስኩ ስለማላውቅ ከምዕራፍ አንድ ነበር የምጀምረው። የፈተናው ቀን ደረሰ። ወረቀቱን ገለጥኩ፣ የአድዋ ጦርነት መቼ ተካሄደ ይላል፣ ምርጫዎቹ ኤ 1888፣ ቢ 1889፣ ሲ 1895፣ ዲ 1896። ደስታዬን አትጠይቁኝ! የካቲት 23 ቀን 1888፣ ይቺንማ ማን ያጣታል ብዬ ኤን ወረቀቱ እስኪቀደድ አጠቆርኩት። ቀጠልኩ፣ ጣሊያን ለሁለተኛ ጊዜ የወረረን መቼ ነው ይላል። 1928ን ብፈልግ የለም። ዓይኔን አሽቼ ደግሜ ፈለግኩ፣ የለም። 1935 እና 1936 ግን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያኔ ነው ላብ ያጠመቀኝ፣ ለካ ፈተናው ከመጀመሪያውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው! ወደ አድዋ ተመልሼ ኤን ላጥፋ ብል ላጲሱ ወረቀቱን ላጠው፣ እንደምንም ዲን አጠቆርኩ። 1928 ላይ ደግሞ 8 ደመርኩና 1936 ብዬ አረፍኩ፣ እንዲያውም ኮራሁ። ስንወጣ ጓደኛዬ «1935 ነውኮ» አለኝ። በሩ ላይ ልንደባደብ ምንም አልቀረን፣ እኔ የሚደመረው 8 ነው፣ እሱ የለም 7 ነው።

እሱ ነበር ልክ። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከተለወጠ በኋላ 8 ይሆናል። የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ነው፣ ስለዚህ 1935። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው፣ እሱ 1936። በኛ ሁለቱም 1928 ናቸው። ልብ በሉልኝ፣ ቁጥሩኮ በቃሌ ነበረ፣ እንከን የለውም፣ እኔ ያጣሁት ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ነው። አንድ ሰው ያኔ «ያ ሁሉ መኪናና መድፍ በክረምት ጭቃ አይንቀሳቀስም፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀው ነው የተነሱት» ብሎኝ ቢሆን መስከረምን ማን ያስረሳኛል? መስከረም ከሆነ ደግሞ 7 ነው፣ አለቀ። እና ታሪክ ሽምደዳ ነው የምትሉ ሁሉ ስሙኝ፣ እኔ ሸምድጄ ነው የተሳሳትኩት! ሳልሸመድድ አይደለም!

እሺ፣ እሺ። ጭብጨባውን ቆይታችሁ ታደርሱታላችሁ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው ጥፋት የራሴው ነው።

መምህር ከሆንኩ በኋላ አንዷን ጎበዝ ተማሪዬን አስነስቼ ስለ ውጫሌ ውል ንገሪን አልኳት። ቆመች፣ እጇን ወደ ኋላ አደረገች፣ ጣራውን እያየች «የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓመተ ምህረት በዳግማዊ አጼ ምኒልክና በጣሊያን መልዕክተኛ በአንቶኔሊ መካከል ተፈረመ፣ ውዝግቡ የተነሳው በአንቀጽ 17 ነው፣ ካርታውን ተመልከት» አለች። ካርታውን ተመልከት! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ግራ ገብቷት ቀጥ ብላ ቆማለች። ሳቁ ሲበርድ «ለመሆኑ አንቀጽ 17 ምን ይላል?» አልኳት። ዝም። «እንዴት አጣላቸው?» ዝም። ከዚያ «ቲቸር፣ ኖቱ ላይ የለም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ የለም። ኖቱን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «ካርታውን ተመልከት» የምትለዋም የኔ ናት። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ያፈርኩትን ማፈር...

ነገሩ ሲነገር ግን ምን የሚረሳ ነገር አለው? አማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል፣ ከፈለጉ ማለት ነው። የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ጣሊያንም ያንን ይዛ ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አወጀች። «ይችላሉ» እና «አለባቸው»፣ በቃ ይኸው ነው፣ አንድ ማሰሪያ ግስ ነው ልጆች። ይህን አንዴ የሰማ ሰው 17ን ለመያዝ ይቸገራል?

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ውሰዱት። በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ ከላጲሱ ተምሬያለሁ። 1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፣ ቀይ ባህር የአውሮፓና የእስያ መተላለፊያ ሆነ፣ የመርከብ ኩባንያ ደግሞ መንገድ ላይ ማረፊያ ይፈልጋል፣ ስለዚህ በዚያው ዓመት አንድ የጣሊያን ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ። 1882 መንግሥቱ ራሱ ተረከበው። ምጽዋን በ1885 ያዘ። ከባህሩ ዳር ወደ ደጋው መውጣት ሲጀምር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ አገኙት። በጉልበት እምቢ ሲለው በወረቀት መጣ፣ 1889፣ ውጫሌ። ምኒልክ ውሉን በ1893 አፈረሱት። ከዚያ 1896። ሰባት ዓመተ ምህረት ነው የነገርኳችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ብትሸመድዱት እስከ ማታ ያስለፋችኋል። እንዲህ ከያዛችሁት ግን አንዱ ቢጠፋ ጎረቤቱ ይጎትተዋል፣ ምጽዋ 1885 ይሁን 1895 ብትጠራጠሩ ዶጋሊ ከምጽዋ ሊቀድም አይችልማ! ዓመተ ምህረት ሚስማር ነው ልጆች፣ ግድግዳ ሳይኖር የት ልትመቱት ነው?

ባልደረቦቼ እንዳትቀየሙኝ፣ ግን ፈተና ስናወጣ «በስንት ዓመተ ምህረት» የምንለው ለምንድነው? ለማረም ስለሚቀል ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ስልሳ ወረቀት ተቆልሎ ሲያዩት ማን «ለምን» ብሎ ይጠይቃል፣ የ«ለምን» መልስ መነበብ አለበታ። ከዚያ ልጁ ያንኑ ሸምድዶ ሲመጣ «የዘንድሮ ልጆች አያስቡም» እንላለን። እንዲያስብ የሚያደርግ ምን ጠየቅነው? ዘጠኝ ወር ኖት አስገልብጠን፣ ቁጥር ጠይቀን፣ በአሥረኛው ወር አያስብም እንላለን? ይሄ ሐሜት ነው እንጂ ትምህርት አይደለም!

እናንተም አታጨብጭቡ፣ ወደናንተ እየመጣሁ ነው።

ሃይላይተር። ያ ቢጫው። አንዳንዳችሁን ደብተር አይቻለሁ፣ ያልተሰመረበት መስመር ፈልጌ አጣሁ፣ ሁሉም ቢጫ ከሆነ ምኑን ነው የለያችሁት? ማስመር ደስ ይላል፣ የሠራችሁ ያስመስላል። ሦስቴ አንብባችሁት ዓይናችሁ ሲለምደው «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ትላላችሁ። ፊት መለየትና ስም መጥራት አንድ ናቸው እንዴ?

ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ያሳተመው ጥናት አለ። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት ደርድሮ ራሱ ላይ ነው የሞከረው፣ ያጠናል፣ ይቆያል፣ እንደገና ያጠናል። ከአንድ ቀን በኋላ ሲመለስ ከመጀመሪያው ድካሙ የተረፈለት ሲሶ ያህል ነበር። ያውም በሚገባ አጥንቶ! ልብ በሉ፣ እሱ ትርጉም የለሽ የመረጠው ሆን ብሎ ነው። እናንተ ግን ትርጉም ያለውን ታሪክ ወስዳችሁ ትርጉም የለሽ አድርጋችሁ ነው የምታጠኑት፣ ከዚያ ጠፋብኝ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ።

በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፍለው አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንብቦ ዘግቶ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ተገለበጠ፣ ዘግቶ የጻፈው በለጠ። ፈተናችሁ ከ5 ደቂቃ በኋላ ከሆነ በሉ አስምሩ።

ስለዚህ መጽሐፉን ዝጉት። ባዶ ወረቀት ላይ ለምን ተነሳ፣ ማን ምን ፈለገ፣ ምን ተከተለ ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ክፈቱና የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ያ ሌላ ቀለም ነው ሾርት ኖታችሁ፣ ሌላ አትግዙ ከማንም አትዋሱ።

ወረቀቴ ላይ ሌላም ነበር። ካርታ በእጅ ሳሉ፣ ቢያስጠላም። አንድ ምዕራፍ በአንድ ቀን ከምትጨርሱት ለአራት ቀን ከፋፍሉት። ተኙ። ይሄን ታውቁታላችሁ፣ ሰዓቴም አልቋል፣ ዳይሬክተራችን ሰዓታቸውን ሁለቴ አዩ።

ወላጆች፣ ማታ ቤት ስትገቡ «አነበብክ?» አትበሉት፣ አዎ ነው የሚላችሁ። «ንገረኝ» በሉት፣ ባታውቁትም ግድ የለም፣ እንዲያውም ባታውቁት ነው የሚሻለው፣ እስኪገባችሁ ድረስ ማስረዳት አለበት።

ከነገ ጀምሮ ክፍል ሲያልቅ ላይብረሪ ነኝ። ደብተር ይዞ የመጣ በሩ ላይ አስቀምጦ ይገባል። ቅድም በሩ ጋ የነበርሽው ልጅ፣ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ፣ ከስዊዝ ትጀምሪያለሽ። አመሰግናለሁ።