እጅ የሚሠለጥነው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውጭ ነው

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይም እናንተ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥኑ ሬዚደንቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የምናገረው ስለ አኒዩሪዝም ነው። የአንጎል ደም ሥር ግድግዳው ሳስቶ ይነፋል፤ ሰውየው ግን ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ይኖራል። ሲፈነዳ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ራስ ምታት አላውቅም» እያለ ይመጣል። ይህን ስትሰሙ እባካችሁ ክኒን ሰጥታችሁ አትሸኙት፤ ሲቲ ስካን ይነሣ። አንዴ የደማው ዳግም የመፈንዳት ዕድሉ ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፤ ዳግም ከደማ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1937 የአኒዩሪዝምን አንገት፣ ማለትም እብጠቱ ከደም ሥሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ በክሊፕ (በትንሽ የብረት መቆንጠጫ) ዘጋ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ራስ ቅል ሳይከፈት፣ በብሽሽት በኩል ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) አስገብቶ አኒዩሪዝሙን በፕላቲነም ኮይል (በተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ) መሙላት መጣ። ለብዙ በሽተኞች የተሻለው ይኸው ነው፤ ልንደርስበትም ይገባል። ነገር ግን ኮይል ውድ ነው፣ ደም ሥሮችን በኤክስሬይ የሚያሳይ የአንጂዮግራፊ ክፍልም ይፈልጋል። ስለዚህ እዚህ አገር ክሊፕ የሚያስቀምጥ እጅ ገና ለብዙ ዓመታት ያስፈልገናል። በሀብታም አገሮች እንኳ አንገታቸው ሰፊ የሆኑ አንዳንድ አኒዩሪዝሞች ዛሬም ለክሊፕ ይተዋሉ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይዋ በርገን ጋር ተባብሮ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠናን እ.ኤ.አ. በ2006 ባይጀምር ኖሮ ይህን ሁሉ እዚህ ቆመን አናወራም ነበር። ያ ሥልጠና ሐኪሞችን አፍርቷል። አሁን የጎደለው የደም ሥር ሥራ ልምምድ ነው፤ ልምምዱ ደግሞ በሽተኛ ላይ ሊጀመር አይገባም!

ቱርካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ጋዚ ያሳርጊል እ.ኤ.አ. በ1965 ከዙሪክ ወደ አሜሪካ፣ ቨርሞንት ሲሄድ ዕድሜው አርባ፣ ሙያውም የታወቀ ነበር። እዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር የእንስሳትን ቀጫጭን ደም ሥሮች መስፋት እንደ ጀማሪ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ዙሪክ ውስጥ የራስ ቅል ውጭ ደም ሥርን ከአንጎል ደም ሥር ጋር ሰፍቶ አገናኘ።

ለእኛም ቢሆን መጀመሪያው ሩቅ አይደለም። የዶሮ ክንፍ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ደም ሥር አለ። በእናቲቱ ፈቃድ የሚገኝ የእንግዴ ልጅም ጥሩ መለማመጃ ነው። ከፀጉር የቀጠነውን ባለ 10-0 ክር ሳይበጥሱ ማሰር በየቀኑ ቢሠራ ይለመዳል፤ በወር አንዴ ቢሠራ ግን አይለመድም።

የሆስፒታል ኃላፊዎች ሆይ፣ አንድ ክፍል ስጡን፤ ለቀዶ ሕክምና የማያገለግለው አሮጌ ማይክሮስኮፕም ከመጋዘን ይውጣ። የክፍሉ ቁልፍ ማታም ቢሆን በሬዚደንቶች እጅ ይሁን። እኛ መምህራን ደግሞ በሳምንት አንድ ከሰዓት አጠገባቸው እንቀመጥ፤ እኔ ሐሙስን ወስጃለሁ።

አመሰግናለሁ።