ለድራግ የሚቆነጥጥ፣ ቤት የሚያደርስ ጎማ

[ምስል፦ ቸርችል ጎዳና፣ ከላይ ወደ ታች። አስፋልቱ እርጥብ ነው። የዝናብ መጥረጊያ ድምፅ ይሰማል።]

ይህን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፎ ወደ ለገሃር ይወርዳል። አንድ ሐምሌ ላይ እዚሁ ቦታ ፍሬን ያዝኩ። ፍጥነቴ ብዙ አልነበረም። ፍሬኑም ጤነኛ ነበር። መኪናው ግን ከኋላ ሸሸኝ። ከፊቴ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ተሳፋሪ ያወርድ ነበር። አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ ሞተሩን አጥፍቼ ተቀመጥኩ።

ከኋላ ያሰርኩት ጎማ ድራግ ራዲያል ይባላል፤ ለቀጥታ ሩጫ የተሠራ ለስላሳ ጎማ ነው። በደረቅ መንገድ መሬት ይቆነጥጣል። በዚያ ቀን የነበረውን ውኃ ግን የሚያስወጣበት ጥርስ አልነበረውም። ዛሬ የማወራችሁ በሳምንቱ ቀናት ሥራ የምንሄድበትን፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በተዘጋ ቦታ ቀጥታ ሩጫ የምንሞክርበትን መኪና ምን ጎማ እንደምናለብሰው ነው። የተዘጋ ቦታ ስል ከልቤ ነው። ሌሊት ቦሌ መንገድ ላይ ለሚደረገው ሩጫ የሚሆን ጎማ የለም። እግረኛ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ከሥራ የሚመለስ ሰው አለ።

[ምስል፦ የቆመ መኪና። የኋላ ጎማው በቅርበት ይታያል።]

ድራግ ከቆሙበት ተነስቶ ቀጥ ባለ መንገድ መፍጠን ነው። ሙሉው ርቀት ሩብ ማይል ነው፤ 402 ሜትር ገደማ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚያዩት የመጀመሪያዎቹን 18 ሜትር የጨረሱበትን ሰዓት ነው። እዚያ የጠፋ ጊዜ በኋላ አይመለስም። ያንን ሰዓት ደግሞ ከሞተሩ በላይ የሚወስነው ጎማው ነው። ጎማው በቦታው ከተሽከረከረ ጉልበቱ ጭስ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ጥርስ የሌለው ስሊክ የሚባለው ጎማ አለ። ጎኑ ላይ ለመኪና መንገድ እንደማይሆን ተጽፎበታል። እሱን እዚሁ እንተወው።

ቀጥሎ ያለው ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሕጋዊ የመንገድ ጎማ ነው የሚል ምልክት አለው፤ የአሜሪካው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምልክት፣ የዲኦቲ ማኅተም ታትሞበታል። ስታዩት ግን ጥርሱ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ሚኪ ቶምሰን የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው ኢቲ ስትሪት አር እንደዚህ ነው። የኒቶው ኤንቲ 05 አር ትንሽ ተጨማሪ ጥርስ አለው። ማኅተሙ መንገድ ላይ መንዳት ይፈቀዳል ነው የሚለው። በክረምት ዝናብ ይሻላል አይልም። እኔ ይህን አልለየሁም ነበር። የሸጠልኝም ሰው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

[ምስል፦ ሁለት እጆች ነጠላ ይዘው በክሩ አቅጣጫ፣ ከዚያም በሰያፍ ይስባሉ።]

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በጎማ ውስጥ ክር አለ። ነጠላ ያዙና በክሩ አቅጣጫ ሳቡት። አይለጠጥም። በሰያፍ ሳቡት። ይለጠጣል። ባያስ የሚባለው ጎማ ክሩ በሰያፍ የተደራረበ ነው። መኪናው ሲነሳ ጎኑ ይጨማደዳል፣ ድንጋጤውን ይውጣል፣ ከዚያ ይገፋል። ስለዚህ ፍሪሲዮን በድንገት የሚለቀቅበትን ማንዋል መኪና ይታገሳል። መንገድ ላይ ግን ይዋዥቃል። መሪውን ይዛችሁ እናንተ ናችሁ ቀጥ የምታደርጉት።

ራዲያሉ ክሩ ከአንዱ የቸርኬ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ ይሻገራል። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሲንከባለልም ይቀላል። ለአውቶማቲክ ካምቢዮና ጉልበቱን ቀስ እያለ ለሚጨምር መኪና ይስማማል። አንድ ጠባይ ግን አለው። አንዴ መሽከርከር ከጀመረ መልሶ መሬት ለመያዝ ያስቸግራል። ሁለቱን ዓይነት በአንድ መኪና ላይ አትቀላቅሉ። ፊትና ኋላው የተለያየ ጠባይ ሲያሳይ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ መገመት ያቅታል።

[ምስል፦ ከእንጦጦ ላይ የሚታይ ከተማ።]

አሁን ማንም የውጭ አገር ቪዲዮ የማይነግራችሁ ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ 200 የፈረስ ጉልበት የነበረው መኪና እዚህ ወደ 155 ይወርዳል። ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ለእንደዚህ ዓይነት መኪና ድራግ ራዲያል ያስፈልጋል ካለ፣ ለእናንተ ላያስፈልግ ይችላል። ቱርቦ ያለው የጎደለውን አየር ከሞላ ጎደል ይተካል። የእሱ ባለቤት ስለ ጎማ ቢጨነቅ ይገባኛል።

ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አየር አይፈልግም። በፈረንጆቹ 2024 በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ከፍታው ምንም አይቀንስባቸውም። ሙሉ ጉልበታቸውን ገና ሲነሱ ይሰጣሉ። በዚያ ላይ በባትሪው ምክንያት ከባድ ናቸው። ለእነሱ ጎማ ስትገዙ መጀመሪያ የመሸከም አቅሙን የሚናገረውን ቁጥር እዩ። ፋብሪካው ካዘዘው አይነስ።

ጎማ ላይ ትሬድዌር የሚባል ቁጥርም አለ። አለቃቀሱን ይናገራል። 100 መነሻው ነው። 200 የተጻፈበት በሙከራው ሁለት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ተራ የቤተሰብ መኪና ጎማ 400ና ከዚያ በላይ ይኖረዋል። ድራግ ራዲያል ብዙ ጊዜ 100ና ከዚያ በታች ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ፋብሪካው ራሱ ስለሆነ የአንዱን ከሌላው ጋር ስታወዳድሩ ጥንቃቄ አድርጉ።

እኔ ለአብዛኞቻችሁ የምመርጠው 200 አካባቢ ያለውን ነው። ቆንጣጭ ነው፤ ግን እውነተኛ ጥርስ አለው። ሲነሳ ከድራግ ራዲያል ትንሽ ያንሳል። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ግን አብሮኝ ነው።

[ምስል፦ ጎሚስታ ቤት። ኮምፕሬሰር ይጮኻል።]

ሜክሲኮ አካባቢ የማዘወትራቸው አንድ አዛውንት ጎሚስታ አሉ። ከዚያ ሐምሌ በኋላ ጎማውን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያንሸራተተኝ?» አልኳቸው።

ጥፍራቸውን ጎማው ላይ ጫን አደረጉት። አልገባም። ከዚያ ጎኑን አገላብጠው አራት ቁጥር አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሽማግሌ ነው» አሉኝ።

እነዚያ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ቀን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ካለ፣ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ። ጥርሱ ያልተነካ ቢሆንም እንኳ ጎማ ይደርቃል። በእኛ ከፍታ ደግሞ ፀሐዩ ጠንካራ ነው። ለስላሳ ጎማ የሚገዛው ልስላሴውን ፈልጎ ነው። ከደረቀ ምን ቀረው? ለዝናብ የሚሆን ጥርስ የለው፣ ለደረቅ የሚሆን ልስላሴ የለው። ስለዚህ መርካቶ ጎማ ተራም ግቡ፣ ከውጭ በሻንጣ ያስመጣ ወዳጅ ዘንድም ሂዱ፣ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ያንን ቁጥር አንብቡ።

ልክ ስትመርጡ ስፋት ብቻ አትዩ። ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ ሲነሳ ይተጣጠፋል፣ ይይዛል። ብዙ ሰው ለውበት ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ ያስራል። ለድራግ ተቃራኒው ነው የሚሻለው። ፍሬኑ ውስጡ እስከገባ ድረስ አነስ ያለ ቸርኬና ወፈር ያለ ጎን። የጎማው ቁመት ከተለወጠ ግን የፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል፤ ማርሹም የከበደ ወይም የቀለለ ይሆናል። ጉልበቱ በአራቱም ጎማ የሚወጣ መኪና ከሆነ፣ እንደ ሱባሩ ያለው፣ አራቱም እኩል ይሁኑ። ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ካሰራችሁ ዲፈረንሻሉ ዕድሜው ያጥራል። ጉልበቱ በፊት የሆነ መኪና ላይ ቆንጣጩ ከፊት ነው የሚታሰረው። ግልጽ ይመስላል፤ ግን ከኋላ ያሰረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

[ምስል፦ በጎማ ላይ ነጭ ጠመኔ ከዳር እስከ ዳር ይሰመራል።]

ንፋሱን በተመለከተ የምወደው ዘዴ ይህ ነው። ለመንገድ ፋብሪካው በበሩ ጠርዝ ላይ የጻፈውን ይሙሉላችሁ፤ ብዙ ጊዜ በንፋስ መለኪያው ከ32 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው። ድራግ ራዲያልን በተዘጋው ቦታ ብዙዎች ከ20 በታች ያወርዱታል። እናንተ ከ20 ጀምሩ። ጠመኔ ጎማው ላይ ከዳር እስከ ዳር አስምሩ። ትንሽ ወደፊት ንዱና ውረዱ። መሐሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል። ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። እኩል ሲጠፋ ጎማው በሙሉ መሬት ረግጧል። አንድ አንድ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። ሙቀት ሲጨምር ንፋሱም ይጨምራል፤ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው አንድ ገደማ። ስለዚህ ከሩጫው በኋላ የምታነቡት ቁጥር ከፍ ቢል አትደንግጡ። ለ200ው የመንገድ ጎማ ግን ይህን ያህል አታውርዱ። ጎኑ ለዚያ አልተሠራም።

ቅዝቃዜንም አስቡ። የኅዳር ማለዳ ለስላሳው ጎማ እንኳ ደንደን ይላል። ከቤት እንደወጣችሁ አደባባይ ላይ አትሞክሩት። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን ዘይት ያነሳዋል። የዜብራው ነጭ ቀለም ሳሙና ይሆናል።

[ምስል፦ የመኪና የኋላ ኮፈን ተከፍቶ። ሁለት ጎማ ከነቸርኬው፣ ክሪክ፣ ትንሽ የንፋስ መሙያ።]

እኔ አሁን ያለሁት እዚህ ነው። በ200ው ጎማ ወደ ቦታው እነዳለሁ። ድራግ ራዲያሎቹ በራሳቸው ቸርኬ ታስረው ኋላ ይጫናሉ። ሁልጊዜ ጎማ ከቸርኬ ማውለቅ ጠርዙን ይጎዳል፤ ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ቸርኬ መግዛቴ አልቆጨኝም። እዚያ ስደርስ ክሪኩን አውጥቼ እቀይራለሁ። 20 ደቂቃ ይፈጃል። ስጨርስ ሰማዩ ብሩህ ቢሆንም መልሼ እቀይራለሁ። ንፋሱን 33 አደርገዋለሁ፣ ብሎኖቹን በተርታ ሳይሆን በተቃራኒ አጠብቃለሁ። ለገሃር ስደርስ አንዴ ወርጄ ደግሜ እነካቸዋለሁ። ከዚያ ቸርችልን ሽቅብ ይዤ ወደ ቤት።