ባቡሩን ማን አሰረው? ስለ ሎኮሞቲቭ ጥበቃና ስለ "ስንት ዓመትህ ነው" ፉክክር

ሰላም፦ እሺ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ከብሩክ ጋር ስለሱ ስራ ነው የምናወራው። ለአዲስ አድማጮች፣ ብሩክ እዚህ ኦሃዮ የጭነት ባቡር ላይ ኮንዳክተር ነው፣ ማለት ሹፌሩ ሎኮሞቲቩን ሲነዳ እሱ ፉርጎ ይቀጥላል፣ ይፈታል፣ ሐዲድ መቀየሪያውን ያዞራል፣ የእጅ ፍሬን ይይዛል። ብሩኬ ባለፈው ከስራ ወጥተህ ስትደውልልኝ በጣም ተናደህ ነበር። ከንዴቱ እንጀምር ወይስ ከባቡሩ?

ብሩክ፦ ከባቡሩ። ንዴቱ ይደርሳል። ሰው ሎኮሞቲቭ ቆሞ ሲያድር እንዴት እንደሚጠበቅ ካልገባው እኛ በምን እንደምንጣላ አይገባውም።

ሰላም፦ በቃ ሂድ። መኪና ስታቆም ቁልፍ ታወጣለህ፣ ባቡርስ?

ብሩክ፦ ሎኮሞቲቭ እንደ መኪና ቁልፍ የለውም። ያለው ሪቨርሰር የሚባል እጀታ ነው፣ ወደፊት ወይ ወደኋላ የምትመርጥበት፣ እና ይነቀላል። በእጅህ የምትይዘው ብረት ነው። እሱን ነቅለህ ከወሰድክ ጋዙን ቢሰጡትም አይንቀሳቀስም። በሩን ደግሞ ትቆልፋለህ። ግን ስሚኝ፣ በሩን መቆለፍ ድሮ እንደ ትልቅ ነገር አይታይም ነበር፣ ብዙ ቦታ ሎኮሞቲቭ ክፍቱን፣ ሞተሩ እየሰራ ያድር ነበር። ያ የተለወጠው ከ2013 በኋላ ነው፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው።

ሰላም፦ የካናዳው።

ብሩክ፦ ላክ ሜጋንቲክ፣ ኩቤክ። ይሄን ታሪክ እኛ ጋ ስልጠና ላይ ሁሉም ይሰማዋል ግን አንዳንዱ ሰው በቃ "አንድ ሹፌር አጠፋ" ብሎ ነው የሚዘጋው፣ እሱ ያናድደኛል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። 72 ፉርጎ ድፍድፍ ነዳጅ፣ አምስት ሎኮሞቲቭ፣ እና አንድ ሰው። አንድ ሰው ብቻ! ድርጅቱ ሞንትሪያል ሜይን ኤንድ አትላንቲክ ነው የሚባለው፣ በአንድ ሰው እንዲሰራ ተፈቅዶለት ነበር። ሹፌሩ ናንት የምትባል ቦታ፣ ከከተማው በላይ ቁልቁለት ላይ አቆመውና ሰባት የእጅ ፍሬን ያዘ፣ የፊተኛውን ሎኮሞቲቭ ሞተሩን ሳያጠፋ ትቶ በታክሲ ሆቴል ሄደ።

ሰላም፦ ሰባት በቂ አይደለም?

ብሩክ፦ በኋላ የካናዳ መርማሪዎች ሲያሰሉት ቢያንስ 17፣ ምናልባትም እስከ 26 ያስፈልግ ነበር። አሁን ዋናው ነገር፣ የእጅ ፍሬን ከያዝክ በኋላ መፈተን አለብህ። የአየር ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ትለቅና ባቡሩ በእጅ ፍሬን ብቻ ይቆማል ወይ ብለህ ታያለህ። ሰውየው ፈትኗል፣ ግን የሎኮሞቲቮቹን የአየር ፍሬን ሳይለቅ ነው የፈተነው። ስለዚህ ባቡሩ ቆመ፣ እሱም የእጅ ፍሬኑ ያቆመው መሰለው። የአየር ፍሬን ደግሞ አየር እስካለ ድረስ ነው፣ አየሩን የሚሞላው የሚሰራው ሞተር ነው፣ ሞተሩ ከጠፋ ቀስ እያለ ይተነፍሳል።

ሰላም፦ እና ሞተሩ ጠፋ።

ብሩክ፦ ሞተሩ ተቃጠለ። ከወራት በፊት በማይሆን ነገር ተጠግኖ ነበር። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሰው እሳት አይቶ ደወለ፣ የእሳት አደጋ ሰዎች መጡ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ እሳቱን አጠፉ፣ ጎበዞች ናቸው ስራቸውን ሰሩ። ድርጅቱ ደግሞ የራሱን ሰው ላከ። አሁን እዚህ ጋ ነው እኔ ሁሌ የምቆመው። የተላከው ሰው የሐዲድ ሰራተኛ ነው። የባቡር ሰው ነው፣ ልምድ አለው፣ ግን ልምዱ ሐዲድ ላይ ነው እንጂ ሎኮሞቲቭ ላይ አይደለም። ሞተሩ ሲጠፋ አየሩ እንደሚተነፍስ ሊያውቅ የሚችለው ሰው ሆቴል ተኝቷል። ሁሉም ሰላም ነው ብለው ሄዱ፣ ሰባት ሰዓት አካባቢ ባቡሩ በራሱ መንከባለል ጀመረ።

ሰላም፦ እግዚኦ።

ብሩክ፦ ወደ አስራ አንድ ኪሎ ሜትር ተንከባለለ። ከተማው ጋ ሲደርስ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፣ 63 ፉርጎ ከሐዲድ ወጣ፣ 47 ሰው ሞተ። ከተማ መሀል፣ ቡና ቤት ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው ብዙዎቹ።

ሰላም፦ ሹፌሩ ተከሰሰ አይደል?

ብሩክ፦ ሹፌሩና ሌሎች ሁለት ሰራተኞች ተከሰሱ፣ በ2018 ዳኞቹ ነፃ አሏቸው። መርማሪዎቹ እኮ 18 ምክንያት ነው የዘረዘሩት፣ አንድ አይደለም። ከአደጋው በኋላ በዚያው ወር የካናዳ መንግስት ትዕዛዝ አወጣ፣ አደገኛ ጭነት በአንድ ሰው አይነዳም፣ ሰው የሌለበት ሎኮሞቲቭ ይቆለፍ፣ ሪቨርሰሩ ይነቀል። አሜሪካም በዚያው ዓመት አስቸኳይ ትዕዛዝ፣ በ2015 ደግሞ ቋሚ ደንብ አወጣች። ከያርድ ማለትም ባቡር ከሚቀናጅበት ግቢ ውጪ ሰው የሌለበት ሎኮሞቲቭ ከውጪ የሚቆለፍ መሆን አለበት፣ የእጅ ፍሬኑም መፈተን አለበት።

ሰላም፦ እኔ የገረመኝ፣ ሪቨርሰሩ ቢነቀል በሩም ቢቆለፍ የዛን ቀን ባቡሩን አያቆመውም ነበር። ሌባ አይደለም የነዳው።

ብሩክ፦ አዎ! እሱን ነው ለሰዎች የምለው። ቁልፍ ከውጪ ለሚመጣ ሰው ነው፣ ልጆች ወጥተው እንዳይነካኩ፣ ተንኮለኛ እንዳይገባ፣ አያስፈልግም አልኩ እንዳትዪኝ፣ ያስፈልጋል። ግን የሚያመልጥ ባቡር ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ከኛ ከራሳችን እጅ ነው። እዚሁ ኦሃዮ የሆነውን ታውቂዋለሽ?

ሰላም፦ የ8888ቱን? ንገራቸው፣ ቅርባችን ነው።

ብሩክ፦ ግንቦት 2001፣ ቶሌዶ አጠገብ ስታንሊ ያርድ፣ ሲኤስኤክስ የሚባለው የባቡር ድርጅት ሎኮሞቲቭ ቁጥር 8888። ሹፌሩ 35 ዓመት የሰራ ሰው ነው። 47 ፉርጎ ይዞ በያርድ ውስጥ እየሄደ ከፊቱ ያለው ሐዲድ መቀየሪያ ወዳልተፈለገ መስመር መዞሩን አየ። ባቡሩ እዛ ሳይደርስ አይቆምም ብሎ አሰበና ወርዶ እየሮጠ ሊያዞረው ወሰነ። ከመውረዱ በፊት የሎኮሞቲቩን ፍሬን ያዘ፣ ዳይናሚክ ብሬክም ማለትም ሞተሩ ራሱ የሚጎትትበትን ፍሬን ያዘጋጀ መሰለው። በዛ ሞዴል ላይ ግን ያው አንዱ እጀታ ነው ለሁለቱም የሚያገለግለው፣ ወደ ፍሬን ካላዞርከው ጋዝ ነው። ስለዚህ ፍሬን ጨምሬያለሁ ብሎ የወረደው ጋዙን እስከመጨረሻው ሰጥቶት ነው፣ የመጨረሻው ስምንተኛ ደረጃ ላይ።

ሰላም፦ የፉርጎዎቹ ፍሬንስ?

ብሩክ፦ ያርድ ውስጥ ስለሆነ የአየር ቱቦው አልተገናኘም፣ 47ቱም ፉርጎ ፍሬን የለውም። ሹፌሩ ሲፍዝ ወይ ሲተኛ የሚያስቆመው ማስጠንቀቂያ አለ አይደል፣ እሱም የሎኮሞቲቭ ፍሬን ሲያዝ ስራ ያቆማል። ሁሉም ነገር ተገጣጠመ። ሰውየው ሮጦ ሊወጣበት ሞከረ፣ ጎተተው፣ ወደቀ። ባቡሩ ብቻውን 66 ማይል ሄደ፣ ሁለቱ ፉርጎ ውስጥ ፌኖል ነበረ፣ የቀለጠ፣ ቆዳ ላይ ቢያርፍ የሚገድል ኬሚካል። ከሐዲድ ሊያስወጡት ሞከሩ እምቢ አለ፣ ፖሊስ የነዳጅ ማቋረጫውን ቁልፍ በጥይት ሊመታ ሞከረ እሱም አልሆነም።

ሰላም፦ ያቆሙት ሰዎች ግን...

ብሩክ፦ እሱ ነው ዛሬ እንድናወራ የፈለግኩት። ከኋላ አንድ ሎኮሞቲቭ ይዘው ያሳደዱት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሹፌሩ 31 ዓመት የሰራ፣ ኮንዳክተሩ አንድ ዓመት የሰራ። እየሮጠ ያለ ባቡር ጅራት ላይ ቀስ ብለው ሄደው ተቆላለፉና በራሳቸው ዳይናሚክ ብሬክ ጎተቱት፣ ኬንተን አካባቢ በሰዓት 11 ማይል ሲደርስ ሌላ የድርጅቱ ሰው የመኪና መንገድ ማቋረጫ ላይ ጠብቆ ሮጦ ወጣበትና አጠፋው። እና እኔ የምለው፣ የለቀቀው 35 ዓመት፣ የያዙት 31 እና አንድ። ከዚህ ውስጥ "ልምድ ያለው ይበልጣል" የሚለውን አውጪልኝ እስቲ፣ "ልምድ ዋጋ የለውም" የሚለውንም አውጪልኝ። ሁለቱም አይወጣም።

ሰላም፦ ቆይ ግን እዚህ ጋ ልቃወምህ። 31 ዓመት የሰራው ሰው ባይሆን በዛ ፍጥነት ሄዶ መቆላለፍ ማን ይደፍራል? ልምድ እኮ ነው ያዳናቸው።

ብሩክ፦ ልክ ነሽ፣ እሱን አልክድም። ያ እጅ በአንድ ዓመት አይመጣም፣ የፉርጎዎቹን ክብደት በወንበርህ ነው የምትሰማው። እኔ የምጣላው ልምድ ክርክር መዝጊያ ሲሆን ነው። እኛ ጋ እኮ ሁሉ ነገር በተቀጠርክበት ቀን ነው የሚወሰነው። ቀድሞ የገባ ጥሩውን መስመር ይመርጣል፣ ቅዳሜ እሁድ ያርፋል፣ አዲሱ ስልኩን ይዞ ሌሊት ጠዋት ሳይል ጥሪ ይጠብቃል። ትልቁ ያንተን ቦታ ከፈለገ ያስለቅቅሃል። እሱ ፍትሃዊ ነው፣ የሰራተኛ ማህበሩ ታግሎ ያመጣው ነው፣ አለቃ የወደደውን እንዳይጠቅም። ግን ሰው ከዛ ተነስቶ የቅጥር ቀኑ የቀደመ ሁሉ እውቀቱም የቀደመ ይመስለዋል። አዲስ ሰው ሲገባ ከስሙ በፊት የሚጠየቀው "ስንት ዓመትህ ነው" ነው።

ሰላም፦ እሺ አሁን ንዴቱን አምጣው።

ብሩክ፦ ሌሊት ነው፣ ፉርጎዎች ተጠባባቂ መስመር ላይ ትተን ልንሄድ ነው፣ ትንሽ ቁልቁለት ቢጤ አለው። ሰልጣኝ አብሮን አለ፣ ገና ወራት ነው። የእጅ ፍሬን ይዘን ስንጨርስ ልጁ "አየሩን ለቀን አልፈተንነውም" አለ፣ በጣም በትህትና። ትልቁ ሹፌር በሬዲዮ ምን አለው? "እኔ እዚህ ቦታ ባቡር ሳቆም አንተ አልተወለድክም።" ልጁ ዝም አለ። ዝም አለ በቃ! እኔን ያናደደኝ እሱ ዝምታ ነው፣ ምክንያቱም ያ ልጅ ነገ ከሌላ ሰው ጋር ሲሆን አይጠይቅም።

ሰላም፦ አንተስ?

ብሩክ፦ እኔ እንፈትን አልኩ፣ ደንብ ነው አልኩ፣ ለቀቅነው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዛ መጋጠሚያዎቹ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ከወዲያ ጫፍ ድምፁ እየመጣ እየመጣ ፉርጎው ከፊቴ በጣም ቀስ ብሎ ሄደ። የመንኮራኩሩ ጠርዝ ላይ በባትሪ እያበራሁ ነበር፣ ሲዞር አየሁት። አየር መልሰን ያዝነውና ሶስት የእጅ ፍሬን ጨመርን፣ እንደገና ፈተንን፣ ቆመ። ሶስቱን የያዘው ልጁ ነው፣ አንዱ ዝጎ አልዞር ብሎት ሽማግሌው ራሱ ወርዶ አብሮት አዞረው፣ እግርህን እንዲህ አድርግ፣ በሁለት እጅህ አትሳብ፣ ቢያመልጥህ ይጥልሃል እያለ። ያንን ማንም መጽሐፍ ላይ አይጽፍልህም።

ሰላም፦ አየህ፣ እሱ ነው እኮ የልምድ ጥቅሙ። እንዲህ ሲሰጥ።

ብሩክ፦ በትክክል። ሰው የማያውቀው ደግሞ ህጉም ከልጁ ጋር ነው። ከ2008 ጀምሮ ትዕዛዝ ደንብ ይጥሳል ብሎ በቅንነት ያመነ ሰራተኛ መቃወም ይችላል፣ የሐዲድ መቀየሪያ አያያዝን፣ ፉርጎ መግፋትን፣ እንዲህ ያሉትን ስራዎች በተመለከተ፣ ስለተቃወመም አይቀጣም። ወረቀት ላይ አለ። ማታ ላይ ሬዲዮ ላይ ግን ዕድሜ ነው የሚያወራው።

ሰላም፦ እኔ ድሬዳዋ ስላደግኩ ይሄ ነገር አዲስ አልሆነብኝም። ባቡሩ ድሬ የገባው በፈረንጅ 1902 ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ የምድር ባቡር ቤተሰብ ነበር፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው፣ ሹፌር ማለት በኛ ሰፈር ቆመው የሚያሳልፉት ሰው ነው። ግን የአዋሽን አደጋም ሳንሰማ አላደግንም። ጥር 1977 በኛ አቆጣጠር፣ ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነት ሳይቀንስ ድልድዩ ጋ ወጣ፣ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ኩርባው ትናንት የተሰራ አይደለም፣ መስመሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ መንገዱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም።

ብሩክ፦ አዲሱስ ላይ? የአዲስ አበባ ጅቡቲው፣ የኤሌክትሪኩ።

ሰላም፦ አዲሱ በፈረንጅ 2016 ሲመረቅ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው የገቡት፣ ቻይና ሄደው የሰለጠኑም አሉ። የሐዲዱ ስፋት ሌላ፣ ጉልበቱ ኤሌክትሪክ፣ ሁሉ ነገር ሌላ ነው። ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን "እኛን ማን ጠየቀን" ይሉ ነበር፣ በጣም ያዝኑ ነበር። እውነት አላቸው። ኤሌክትሪኩን ላያውቁ ይችላሉ፣ ግን ከብት የት ጋ ሐዲድ እንደሚያቋርጥ፣ ጎርፍ በየት በኩል አፈሩን እንደሚበላ፣ እሱን ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ወጣቱም ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ከሳቸው በላይ ያውቃል። አንድ ሎኮሞቲቭ ላይ ሁለቱን ብታስቀምጣቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ብሩክ፦ ለዚህ ነው እኮ እኛ ሁለት ሰው ይኑር ብለን የምንጮኸው። በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል የባቡር መስሪያ ቤት በአብዛኛው ባቡር ላይ ቢያንስ ሁለት ሰው ይኑር የሚል ደንብ አወጣ። ድርጅቶቹ ወጪ ነው ይላሉ። እኔ ሁለተኛውን ሰው የምፈልገው "እርግጠኛ ነህ?" የሚል ሰው እንዲኖር ነው። ናንት ላይ ያን ቀን እንደሱ የሚል ሰው አልነበረም።

ሰላም፦ ከመውጣታችን በፊት፣ አንድ አድማጭ "ሰው የሌለበት ባቡር ሲንቀሳቀስ ወይ ሲጨስ ባይ ለማን ነው የምደውለው" ብሎ ጠይቋል።

ብሩክ፦ አሜሪካ ያላችሁ፣ እያንዳንዱ የባቡር ማቋረጫ ላይ ሰማያዊ ትንሽ ሰሌዳ አለ። የድርጅቱ ስልክና የማቋረጫው መለያ ቁጥር ተጽፎበታል። መጀመሪያ እዛ ደውሉ፣ መለያ ቁጥሩን አንብቡላቸው፣ የት እንዳላችሁ በዛ ያውቃሉ። እሳት ካለ ወይ ሰው ከተጎዳ 911ም ጨምሩ። ከምንም በላይ ግን ሎኮሞቲቭ ላይ አትውጡ፣ ምንም አትንኩ፣ ሞተር አጠፋለሁ ብላችሁ እንዳትሞክሩ፣ ለባቡር ድርጅቱ "የሎኮሞቲቭ ሰው ላኩ" በሏቸው።