የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና፦ ራስጌው ለምን ከፍ ይላል?

የሐዋሳ አድማጮች በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም የሰጡት መልስ።

ከታቦር ክፍለ ከተማ የደወሉ እናት፦ «ልጄ በባጃጅ አደጋ መንጋጋው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ነው። ሐኪሙ ራስጌው ከፍ ስለሚል የሚፈሰው ደም ይቀንሳል ብለውናል። አልጋና ደም ምን ያገናኛቸዋል?»

እናቴ፣ በጣም ይገናኛሉ። ደም ከጭንቅላት ወደ ልብ የሚመለሰው በደም መልስ ሥሮች ነው። ጭንቅላት ከልብ በላይ ሲሆን ደሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ በሥሮቹ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት አሃድ) ያህል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ግን በጀርባው የተኛ ጤነኛ ሰው የደም መልስ ግፊት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አይበልጥም! በተለይ ከላይኛው መንጋጋ ጀርባ የእነዚህ ሥሮች መረብ አለ፤ እዚያ ሲደማ ቦታው ጥልቅ ስለሆነ በክር ማሰር አዳጋች ነው። ስለዚህ ሳይደማ በፊት ግፊቱን ማውረድ ይሻላል።

አልጋው እንዳለ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል እንጂ አንገት አይታጠፍም። አንገት ከመጠን በላይ ከዞረ፣ ወይም የመተንፈሻ ቱቦው ማሰሪያ አንገትን ካጠበቀ፣ ደሙ መመለሻ ያጣና የከፍታው ጥቅም ይቀራል። ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት አንገትን በእጅ ዳስሶ ማረጋገጥ ለእኔ የማይታለፍ ሥራ ነው።

ከሐይቅ ዳር የደወለ ወጣት፦ «ዶክተር፣ ታዲያ አንጎል ደም አያጥረውም? አባቴ የደም ግፊት ታማሚ ናቸው።»

ስጋትህ ትክክል ነው፤ ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የማደንዘዣ ባለሙያው መድማትን ለመቀነስ የደም ግፊትን ሆን ብሎ ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ሁለቱ ይደመራሉ። ክንድ ላይ የተለካው አማካይ ግፊት (በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል ያለው) 65 ቢሆን፣ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው አንጎል የሚያገኘው 54 ገደማ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ሲታይ ይህ ልዩነት መታሰብ አለበት። እንደ አባትህ ላሉ ሰዎች ግፊቱን ብዙ ማውረድ ተገቢ አይደለም። ሕመማቸውንና የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ አስፕሪንንም ጨምሮ፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አንዱንም አታቋርጡ። ራስጌውን ከልክ በላይ ከፍ ማድረግም ሌላ አደጋ አለው፤ የተከፈተ ደም መልስ ሥር አየር ሊስብ ይችላል።

ከመናኸሪያ የደወለች እህት፦ «ቤት ከገባን በኋላስ?»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወገብ በላይ ቀና ብሎ መተኛት እብጠቱን ይቀንሳል። ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሳት ይቅር፤ ትኩስ ቡናም ለጊዜው ይቆይ። ደሙ አልቆም ካለ፣ አንገት ካበጠ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ።