የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የኢንቨስትመንት አማካሪነት ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። የኢንቨስትመንት አማካሪ መሆን እፈልጋለሁ። እስከዚያው ዘመድ ወዳጅን በክፍያ ባማክር ችግር አለው?

መልስ፦ በክፍያ ከሆነ አዎ፣ ችግር አለው። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት፣ ሰው አክሲዮን ወይም ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ ገንዘብ የማበደር ሰነድ) እንዲገዛና እንዲሸጥ በሙያ ለመምከር የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ተራ የንግድ ፈቃድ አይተካውም። ለጀማሪ የሚሻለው ፈቃድ ባለው ድርጅት ተቀጥሮ ሥራውን መልመድ ነው።

እስከዚያው ግን እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። የአንድ ባንክ የ3 ዓመት በኦዲተር የተመረመረ ሂሳብ ይዘህ ስሌት ተለማመድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ባንኩ 20 በመቶ ትርፍ አከፋፈለ» ሲባል መቶኛው የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር ከሆነ የሚደርሰው 200 ብር ነው። ደንበኛህ ያንኑ አክሲዮን ከሌላ ሰው በ1,600 ብር ከገዛች ግን የምታገኘው 12.5 በመቶ ነው፤ ያውም ግብር ሳይቀነስ። ይህን ሳትነግራት ካስገዛሃት ጎዳሃት ማለት ነው።

ከስሌቱም በፊት «ገንዘቡን መቼ ይፈልጉታል?» ብለህ ጠይቅ። አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ነው፤ የተመዘገቡት ኩባንያዎችም ገና ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሰው አክሲዮኑን በፈለገበት ቀን ሸጦ ገንዘቡን አያገኝም። ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለእቁብ የተቀመጠ ብር አክሲዮን ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ወለድ አይነካም። ለእነሱ ምን ብዬ ልምከር?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በወሎ የሚሠራ አማካሪ ይህን ካላወቀ ባይጀምረው ይሻላል። ወለድ የሚከፍሉ ቦንዶችና የግምጃ ቤት ሰነዶች (መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርባቸው) ከመጀመሪያው ይወጣሉ። የሚዘነጋው ግን በወለድ የሚሠራ ባንክ አክሲዮንም አብሮ መውጣቱ ነው፤ ትርፉ በአብዛኛው ከወለድ ነውና። እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ፤ እነሱንም ቢሆን ሂሳባቸውን ሳታነቢ አታስገዢ። ሃይማኖታዊ ብይኑን ለዑለማዎች ተዪው፤ ያንቺ ድርሻ የኩባንያው ገቢ ከየት እንደሚመጣ በቁጥር ማሳየት ነው። ደንበኛው የጠየቀሽንና የመከርሽውን ጽፈሽ አስፈርሚ። ገንዘቡን ደግሞ ለአንድ ቀንም ቢሆን በራስሽ ሂሳብ አታስገቢ።