ከሼዱ እስከ አክስቴ ጓሮ

ጤና ይስጥልኝ። በዛሬው ክፍል እንግዳ የለኝም፤ የማነሣው መንግሥት አንድን አካባቢ ለማልማት የሚያፈሰው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ በማን እጅ እንደሚገባ ነው። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ በኪራይ መልክ ወደ ቤተሰቤ ስለገባ፣ ጉዳዩን እንደ ገለልተኛ ታዛቢ ላወራው አልችልም።

አክስቴ የሚኖሩት ሐዋሳ፣ ዳቶ በሚባለው ሰፈር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ጓሯቸው የጎመን መደብና አንድ የአቮካዶ ዛፍ ብቻ ነበረው። ሁለት ዓመት ቆይቼ ስመለስ መደቡ ጠፍቶ፣ ሦስት የጭቃ ክፍሎች ቆርቆሮ ለብሰው ቆመውበታል። ተከራዮቹ ከሲዳማና ከወላይታ ወረዳዎች ለስፌት ሥራ የመጡ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ አንዲቱን ክፍል አራት ሆነው ይካፈሏታል፤ የቀንና የማታ ፈረቃ ስለሚፈራረቁ አንዷ ስትነሣ ሌላዋ በዚያው ፍራሽ ላይ ትተኛለች። አክስቴን «እትዬ» ይሏቸዋል፤ እትዬም ደመወዝ ተጨመረ የሚል ወሬ በሰፈሩ በተሰማ ቁጥር ኪራዩን ከፍ ያደርጋሉ። ይህን የምናገረው ልወቅሳቸው ብዬ አይደለም፤ ጎረቤቶቻቸውም ሁሉ ያንኑ ያደርጉ ነበር።

እንግዲህ የገንዘቡን መንገድ ከምንጩ እንከተለው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜውም 10 ዓመት ነበር። 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀው የሐዋሳ ፓርክ የተገነባው ከዚሁ ብድር በተገኘ ገንዘብ ሲሆን፣ 52 ሼዶች፣ ማለትም ፋብሪካዎቹ የሚሠሩባቸው ሰፋፊ አዳራሾች፣ እንዲሁም ፍሳሹ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ አጣርቶ መልሶ ለአገልግሎት የሚያውል ጣቢያ አለው። በየመድረኩ የሚጠቀሰው ተስፋ 60 ሺህ የሥራ ዕድል ነበር። ለጥራቱም ሆነ ለፍጥነቱ የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም፤ የዚያን ያህል ግንባታ በአንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሲያልቅ ማየት በአገራችን የተለመደ አልነበረም።

ሼዱ ውስጥ የሚገባው ጨርቅ፣ ዚፕና ቁልፍ ግን በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የተሰፋውም ልብስ በዚያው መንገድ ይወጣል። ባለሀብቱ ለዓመታት ከገቢ ግብር ነጻ ስለሚሆን፣ ከተማዋ ውስጥ የሚቀረው ዋናው ነገር ደመወዙ ነው ማለት ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት የስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሆኖ ተገኝቷል፤ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ አልተደነገገምና ዝቅ ቢል የሚከለክለው የለም። ከዚህ ላይ ኪራይ፣ ሽሮና ዘይት፣ የእቁብ መዋጮ፣ ለእናት የሚላክ ትንሽ ብር ይነሣል። ለሼዱ የተከፈለውን ያህል አስቀድሞ ለመኖሪያ ቤት ያሰበ ባለመኖሩ፣ ለሠራተኞቹ የታሰበው ገቢ ጓሮ ላላቸው ሰዎች ተላለፈ። አክስቴ የልጃቸውን የኮሌጅ ክፍያ የሸፈኑት በዚህ ገንዘብ ነው፤ ይህም የአካባቢ ኢኮኖሚ ማደግ ከተባለ፣ አዎን፣ አድጓል።

ክሪስቶፈር ብላትማን፣ ስቴፈን ደርኮንና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ያደረጉትን ሙከራ ሳነብ የአክስቴ ተከራዮች ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ፤ ጥናቱ ግን በሐዋሳ ፓርክ የተካሄደ አይደለም። በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፍለው፣ ለአንዱ ወገን የፋብሪካ ሥራ፣ ለሌላው 300 ዶላርና አጭር የንግድ ሥልጠና ሰጡ፤ ሦስተኛው ወገን ምንም ሳያገኝ ለማነጻጸሪያ ተተወ። ፋብሪካ የገቡት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ፤ ገቢያቸውም ምንም ካላገኙት አልበለጠም። ገንዘብ የተሰጣቸው በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል ቢጨምርም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ብልጫው ጠፍቶ ሦስቱም ወገኖች ተቀራርበው ተገኙ። ስለዚህ ገንዘቡን በቀጥታ ማደል ብቻ ይበቃ ነበር ለማለት አልደፍርም።

የሐዋሳው ታሪክ የተናጋው ግን ከውጭ ነው። አሜሪካ የሰሜኑን ጦርነት ምክንያት አድርጋ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው የንግድ ዕድል፣ አገደች፤ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በኅዳር ወር፣ በፓርኩ ውስጥ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። የአክስቴ ሁለት ክፍሎች በተከታታይ ወራት ባዶ ሆኑ። ከዚያም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መንግሥት የዚያኑ ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ። ዳቶን በካርታ እንኳ የማያውቅ ገበሬ በዚህ ዕዳ ውስጥ አለበት፤ የኪራዩ ገቢ ግን የደረሰው ለእኛ ነው።

ያም ሆኖ ፓርኩን ባዶ ሜዳ ላይ የፈሰሰ ገንዘብ የሚሉትን አልደግፍም። ሼዶቹ ቆመዋል፤ የአገር ውስጥ አምራቾችም ገብተውባቸዋል። የሚያሳስበኝ ቆጠራው ነው። በምረቃ ቀን የሚነገረው የተቀጠረው ሰው ብዛት ነው፤ ስንቱ ዓመት እንደቆየ፣ ከኪራይ በኋላ ስንት ብር እንደተረፈው፣ ከለቀቀ በኋላ ምን እንደሠራ ግን የትኛውም የሪፖርት ሠንጠረዥ ላይ አላየሁም።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ሁለቱን ክፍሎች የኮሌጅ ተማሪዎች ይዘዋቸዋል። በሦስተኛው ከመጀመሪያዎቹ አራት ልጆች አንዷ አሁንም አለች፤ ከፋብሪካው ከወጣች በኋላ እቁቧ ሲደርሳት የፔዳል ስፌት መኪና ገዝታ፣ በረንዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ኪራይዋ ከተማሪዎቹ ያንሳል። ምክንያቱን ብጠይቃቸው አክስቴ ቀሚሳቸውን ዘርግተው በእጅጌው ላይ ያለውን ስፌት አሳዩኝ።