ቱርቱክ፦ ጦሩ ካለፈ በኋላ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

ጣና ዳር ተቀምጠን ስለ ካራኮረም ተራሮች ለምን እንደማወራ የሚጠይቅ ቢኖር አልፈርድበትም። ስለ ድል የሚናገር ብዙ አለ፤ እኔ የማነሣው ከድሉ በኋላ እዚያው ስለቀሩት ሰዎች ነው። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ቱርቱክ በካራኮረም ተራሮች መካከል፣ ዛሬ ሕንድና ፓኪስታን በሚለያዩበት መስመር አጠገብ በሽዮክ ወንዝ ሸለቆ የምትገኝ፣ ባልቲ የሚናገሩ ሙስሊሞች የሚኖሩባትና በአፕሪኮት ዛፎቿ የምትታወቅ መንደር ናት። ከ1947–48ቱ ጦርነት በኋላ በፓኪስታን እጅ ነበረች። ዲሴምበር 3 ቀን 1971 ሕንድና ፓኪስታን እንደገና ሲዋጉ፣ የዓለም ዓይን ዛሬ ባንግላዴሽ በምንላት አገር ላይ አረፈ። በሰሜን በኩል ግን የሕንድ ጦር መኮንን የነበረው የላዳክ ተወላጅ ሻለቃ ቼዋንግ ሪንቼን፣ ብርዱንና ገደሉን አብረውት ያደጉ የአካባቢውን ወታደሮች እየመራ 18,402 ጫማ ከፍታ ያለውን ተራራ ያዘ፤ የቻሉንካና የቱርቱክ መንደሮችም ተከትለው በእጁ ገቡ። ለዚህም ማሃ ቪር ቻክራ የተባለውን የሕንድ የጀግንነት ሜዳይ ለሁለተኛ ጊዜ ተሸለመ፤ የመጀመሪያውን ያገኘው በ1948ቱ ውጊያ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ነበር። ጀግንነቱን አልክድም።

ዲሴምበር 17 ተኩስ ቆመ። በጁላይ 1972 በሲምላ ስምምነት ሁለቱ መንግሥታት በዓለም አቀፉ ድንበር የተያዘውን መሬት እርስ በርስ ለመመለስ ሲስማሙ፣ ሁለቱም በሚወዛገቡበት በካሽሚር ግን ጦሩ የቆመበት መስመር ጸና። ቱርቱክም ከነሕዝቧ የሕንድ ሆነች።

በዚያ ሳምንት ለሥራ ወይም ለትምህርት በፓኪስታን በኩል ወዳለችው የስካርዱ ከተማ ወርዶ የነበረ ሰው ግን እንደወጣ ቀረ። ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ተሻግሮ ዘመዱን ጠይቆ የሚመለስ ሰው፣ ወደቡ ላይ ሲደርስ «አገርህ ማዶ ነው» ቢባል ብላችሁ አስቡት። ሚስት ባሏን፣ እናት ልጇን የጠበቁት ለሳምንት ወይም ለወር ሳይሆን ለአሥርት ዓመታት ነው፤ ሳይገናኙ የሞቱም አሉ።

በ2010 መንደሯ ለጎብኚዎች ተከፈተች፤ የሩቅ አገር እንግዳ በአፕሪኮቱ ጥላ ሥር ሻይ መጠጣት ቻለ። የመጨረሻዋ መንደር ታንግ ላይ የቆመ ሰው ከመስመሩ ማዶ ያለችውን ፍራኑን በዓይኑ ያያል። እዚያ ያለ ወንድሙን ሊጠይቅ ሲነሣ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ዴልሂ መጓዝ፣ ቪዛ መለመን፣ «ዋጋ» በተባለው የድንበር ኬላ በፓኪስታን ወዳለችው ላሆር መሻገር፣ ከዚያም በኢስላማባድና በስካርዱ ዞሮ ያንኑ ሸለቆ ከሌላው ጫፍ መውጣት አለበት፤ ያውም ቪዛው ከተገኘና ኬላው ክፍት ከሆነ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።